ዕቁቡ ከወጣ ሰባት ሳምንቱ ነው አሉኝ። ወርቄን ልሽጥ ወይስ ይቅርብኝ?

ግራ የገባት | ሰኞ፣ ማታ 4:20

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አንባቢ ነኝ፣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ በያጅ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። እኔ ትምህርት ቤት መዝገብ ክፍል ነው የምሠራው። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አያመሽም። "እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል" ስባል ነው የኖርኩት።

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እያዞርኩ የዕቁባችን ዳኛ ጋ ደረስኩ። ዘገን አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማሽኑስ? ደህና ነገር ገዛችሁ?" አሉኝ። የምን ማሽን አልኩ በሆዴ። አፌ ግን "ደህና ነው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ትሪውን ይዤ ቀጥሎ ወዳለው ሰው አለፍኩ። አሁን ሳስበው አውቀው ነው የጠየቁኝ።

ዕቁቡ 48 ሰው ነው። በሳምንት 2,500 ብር፣ ለባለዕጣ 120,000። ያሰብነው አዲስ የብየዳ ማሽን ልንገዛበት ነበር። ለካ በ19ኛው ሳምንት ወጥቶለታል። "ዘንድሮ ዕድላችን ጨለመ እኮ" እያለ እራት ላይ ሲያስቀኝ፣ ብሩ አልቋል። ቤቲንግ፣ የኳስ ውርርድ ነው። ያውም ከወሰደ በኋላ ካሉት ሰባት ሳምንታት አራቱን አልከፈለም። ዋሱ ማን መሰላችሁ? የኔ ታናሽ ወንድም። እኔ የማውቅ መስሎት ነው የፈረመው። አሁን ስልክ የሚደወለው ለሱ ነው። እኔና ወንድሜ ተኳርፈናል።

ሌላም ዕዳ አለ። እሱ እንደሚለው ሁሉም ተደምሮ 180,000 ነው። እሑድ የሱ ቤተሰብ ይሰበሰባል። ታላቅ ወንድሙ 60,000 አወጣለሁ ብሏል። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው በሬዎቻቸውን ሊሸጡ ነው። ከኔ የሚጠበቀው ወርቄ ነው፤ እናቴ በሠርጌ የሰጠችኝ። "ገመናችሁ ነው፣ ሳይሰማ ይዘጋ፣ እሱም ይምላል" ይሉኛል።

ልስጥ? እስከ እሑድ መልስ እፈልጋለሁ።

ሸገር ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 4:41

ስጪ እህቴ። ባልሽ ነው። ወርቅ ይገዛል፣ ትዳር አይገዛም።

እንቅልፍ የለሽ | ሰኞ፣ ማታ 4:58

ሸገር፣ ወርቅ ይገዛል ያልከው በአሁኑ ዋጋ ነው? 😄 ይቅርታ እህቴ፣ ከምር ግን እንዳትሰጪ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

በረኛው | ሰኞ፣ ማታ 5:10

ሰው ሁሉ ይጫወታል። እኔም በሳምንት የ50 ብር ትኬት እቆርጣለሁ። ሥራ የለም፣ ሲኒማ የለም፣ ወንድ ልጅ ምን ይሁን? ቤት ገብቶ ጭቅጭቅ ከሚሰማ ኳስ ቢያይ ይሻለዋል። አንዳንዴ ሚስቶችም ራሳችሁን ጠይቁ።

ቡና አፍይ | ሰኞ፣ ማታ 5:14

በረኛው፣ ሴትየዋ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እንደማታውቅ ጽፋለች። የማታውቀውን ነው የጨቀጨቀችው?

በረኛው | ሰኞ፣ ማታ 5:19

በጥቅሉ ነው ያልኩት።

አምና የተረፈ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 12:35

ሌሊቱን ሙሉ ልጻፍ አልጻፍ ስል አደርኩ። እኔ ባልሽ ነኝ ማለት እችላለሁ። ማለቴ እንደሱ ነበርኩ። ቁማር ካቆምኩ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። 180,000 አይደለም። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፣ ግን 180,000 አይደለም። እኔ ለሚስቴ መጀመሪያ የነገርኳት ግማሹን ነው። መዋሸት ፈልጌ ብቻ አይደለም። ሙሉውን ብናገር ጥላኝ የምትሄድ መሰለኝ። ደግሞ የቀረውን "በአንድ ጥሩ ትኬት" እዘጋዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ልብ በይ፣ እያለቀስኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ በውስጤ የቅዳሜን ጨዋታ አስብ ነበር።

ከውጪ የሚያይ ሰው ብር የምንወድ ይመስለዋል። ብርማ ቢሆን በበላሁ፣ ባሸነፍኩ ቀን አቆም ነበር። አንድ ቀን 14,000 በልቼ ደረሰኙን በጫማዬ ሶል ሥር ደብቄ ገባሁ፤ ለሚስቴ አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳ አልገዛሁላትም። ብሩ ለነገው "ካፒታል" ነው። እኔን የያዘኝ ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጨዋታው ገና ሳያልቅ ያለችው ሰዓት ናት። ያኔ የቤት ኪራይ የለም፣ አለቃ የለም፣ ምንም የለም። ቀን ቀን እሷን እጠብቃለሁ። ሌሊት ደግሞ ስማቸውን መጥራት የማልችላቸው የሩቅ አገር ቡድኖች ላይ ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ እቆርጣለሁ። ሚስቴ ሆዴን የሚያመኝ መስሏት ስንት ጊዜ ዝንጅብል አፈላችልኝ።

የመጀመሪያ ዕዳዬን አባቴ ከፈለልኝ። ማልኩ። ጉልበቱን ስሜ ነው የማልኩት። እውነቴንም ነበር። ከዚያ ምን ሆነ? ዕዳ የሌለበት ሰው ሆንኩ። ዕዳ የሌለበት ሰው እንደገና ማበደር የሚፈልግ አያጣም። ለሦስት ወር ንጹሕ ነበርኩ። ኅዳር 2015 የኳታሩ የዓለም ዋንጫ መጣ። አርጀንቲና ሳዑዲን ታሸንፋለች ብሎ ያልቆረጠ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ኦዱ (ያስያዝከውን ብር የሚያባዛው ቁጥር) ትንሽ ስለሆነ ብዙ ብር ማስያዝ ነበረብኝ። ያስያዝኩት ሚስቴ ለወሊድ ያጠራቀመችውን ነው። አርጀንቲና 2 ለ 1 ተሸነፈች። ሰዉ ሁሉ ሲስቅ እኔ የካፌውን ወንበር ይዤ መነሣት አቃተኝ።

ሁለተኛውን ዕዳዬን ማንም አልከፈለልኝም። አባቴ "ልጄ ሆይ፣ እኔ የከፈልኩት ለነሱ ነው" አለኝ። ያኔ ጠልቼው ነበር። የተረፍኩት ግን በዚያ ነው።

በሬዎቹን እንዳይሸጡ አድርጊ።

የአዋሳዋ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:50

አምና የተረፈ፣ ዝንጅብሏ አስለቀሰችኝ።

የቀድሞ ካሸር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

ቤቲንግ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ካሸር ነበርኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ከመስኮቱ ጀርባ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ሰው ሁሉ "አንድ ጨዋታ አቃጠለኝ" ይላል። በአንድ ትኬት አስር ጨዋታ ቆርጦ (አስሩም መግባት አለባቸው) ዘጠኙ ገብቶ አንዷ ስትቀር ሊያሸንፍ ጥቂት የቀረው ይመስለዋል። አልቀረውም። አስሩም እያንዳንዳቸው 70 በመቶ የሚገቡ ጨዋታዎች ናቸው እንበል። አሪፍ ምርጫ ነው አይደል? 0.7ን አስር ጊዜ አባዙት፤ 0.028 ገደማ ነው። ከ100 ትኬት ሦስት እንኳ አይሞላም። እኛ ጋ የሚመጡት ደግሞ የሚቆርጡት 15 እና 20 ጨዋታ ነው።

ነጠላ ጨዋታም ቢሆን ቤቱ ድርሻውን አስቀድሞ ይወስዳል። ሳንቲም እንወርውር፤ ዘውድ ወይ ጎፈር። እኩል ስለሆነ ትክክለኛው ኦድ 2 ነው። ቤቱ ግን ለሁለቱም 1.85 ይሰጣል። አንዱ 100 ብር በዘውድ፣ ሌላው 100 ብር በጎፈር ቢያስይዝ 200 ገባ፣ 185 ወጣ። ዘውድም ይሁን ጎፈር ቤቱ ግድ የለውም። ከ1,000 ብር በላይ ከበላህ ደግሞ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ 15 በመቶ ግብር ነበር። ለተበላኸው የሚመልስልህ የለም።

ኳስ እንኳ በስንት ሰዓቱ ያልቃል። ቨርቹዋሉ፣ በኮምፒውተር የሚሠራው የውሸት ውድድር ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ውሻው ሮጠ፣ አለቀ፣ ሌላ ውሻ ተነሣ። ደመወዝ የወጣ ቀን ጠዋት በቦርሳ ምሳውን ይዞ መጥቶ ማታ ምሳውን ሳይከፍት የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። በኬኖ፣ በቁጥር ዕጣው፣ የልጆቹን የልደት ቀን የሚመርጥም ነበር። አንድ ቀን ሚስትየው ልጅ አዝላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልጮኸችም። እሱ አያት፣ ዞሮ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ውሻዋ እስክትጨርስ ነበር። ሥራውን የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው ብዬ ብዋሽም፣ ከዚያ ቀን በኋላ እጄ ትኬት ማተም ከብዶት ነበር።

ጠበቃው | ማክሰኞ፣ ቀን 7:30

ስለ ሕጉ ባጭሩ። እዚህ የተጻፈው ምክር እንጂ ጥብቅና አይደለም፤ ሰነድሽን ይዘሽ ባለሙያ አነጋግሪ።

አዲስ አበባ ከሆንሽ የሚገዛሽ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። እናትሽ በስጦታ የሰጠችሽ ወርቅ፣ ለአንቺ በግል የተሰጠ ከሆነ፣ የግል ንብረትሽ ነው። ማንም "የጋራችሁ ነው" ብሎ ሊያስገድድሽ አይችልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። አንቀጽ 68 እንደሚለው ከ500 ብር በላይ መበደርም ማበደርም፣ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆንም የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ሕጉ ግን እንደዚያው ነው። አንዱ ብቻውን ከተበደረ ሌላኛው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ጊዜ አለው፦ ካወቅሽ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ። ስለዚህ መቼ እንዳወቅሽ የሚያሳይ ነገር ያዢ።

ያንዱ ተጋቢ ዕዳ መጀመሪያ ከራሱ የግል ንብረት ይከፈላል፣ እሱ ከሌለ ግን ወደ ጋራ ንብረት ይመጣል። ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ከሆነ ሁለታችሁም በአንድነት ትጠየቃላችሁ። የቁማር ዕዳ ለቤቱ ጥቅም ነው የሚል ዳኛ ገና አላጋጠመኝም። ወንድምሽ በዋስነት የከፈለውን ከባልሽ መልሶ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፤ ቁጣውም ቀለል ይለዋል።

ሰኔ 30 | ማክሰኞ፣ ቀን 9:15

እኛ ቤት ቤቲንግ አልነበረም፣ ካርታ ነበር። አባቴ ኮንከር ይጫወት ነበር። እኔ አሁን 41 ዓመቴ ነው፣ የልጆች እናት ነኝ፣ አባቴም ዐርፏል፣ ነፍሱን ይማር።

የሚገርማችሁ የከፉት ቀናት ብዙም አይታወሱኝም። ተበልቶ ሲመጣ ዝም ብሎ ይተኛል፣ እናቴም ሽሮ ታበስላለች፣ በቃ። የማልረሳው ኬኩን ነው። የበላ ቀን የፒያሳ ኬክ በካርቶን ይዞ ይመጣል፤ በሪባን የታሰረ። እኛ ልጆች እንዘላለን። እናቴ ማዕድ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ኬክ እየበላን እናታችን ለምን እንደምታለቅስ አይገባንም ነበር። እንደውም ደስታ የማትወድ ሴት ትመስለን ነበር። አባታችንን በጣም እንወደው ነበር፣ እሷን እንፈራት ነበር። ሁልጊዜ "አይቻልም"፣ "ብር የለም" የምትለው እሷ ናታ።

ከሞተ በኋላ ነው የገባኝ። ኬኩ የመጣበት ሳምንት ከሌላው ሳምንት የባሰ ነበር። ደግሞ ሄዶ ይጫወትበታልና።

ልጅሽ ስድስት ዓመቷ ነው። አሁን ማንን እንደምትፈራ ልብ በይ።

ግራ የገባት | ማክሰኞ፣ ማታ 3:00

ሁላችሁንም አነባለሁ። መልስ ያልሰጠሁት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሰኔ 30፣ ልጄ ትናንት "እማዬ አንቺ ለምን እንደ አባዬ አትስቂም" አለችኝ። ትናንት።

ሪያድ ያለሁ | ማክሰኞ፣ ማታ 5:45

እኔ ሚስት ነኝ፣ ሰው ቤት ሠራተኛ። ሦስት ዓመት ለባሌ ብር ላኩለት። መሬት ገዛሁ ብሎ የመሠረት ፎቶ ላከልኝ። ድንጋይ የተደረደረበት። ለማዳሜ ሳይቀር አሳየኋት፣ ቤቴ ነው አልኳት። ማብሩክ አለችኝ። ባለፈው ዓመት እህቴ ሄዳ ስታይ የሌላ ሰው ነው። የጎረቤት መሠረት ላይ ቆሞ ነው ፎቶ የተነሣው። ሁሉም ቤቲንግ ገብቷል።

እኔ ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅም። አንቺ አጠገቡ ነሽ፣ ፊቱን ታይዋለሽ። እኔ ፎቶ ብቻ ነበር የማየው። ወርቅሽን አትስጪ የኔ እህት።

ስሜን አልጠቅስም | ማክሰኞ፣ ማታ 5:58

ሁሉም ወንድ ወንድ ይላል። እኛ ቤት የምትጫወተው ባለቤቴ ናት። ያቺ ስልክ ላይ የምትወጣው አውሮፕላን። እየበረረች ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሳትሰወር መውጣት አለብሽ። ልጅ ጡት እያጠባች በአንድ እጇ ትጫወታለች። ለማን ይነገራል? ለሽማግሌ "ሚስቴ ቁማርተኛ ናት" ብል በኔ ይስቃሉ።

ቡና አፍይ | ማክሰኞ፣ ማታ 6:04

አይሳቅም ወንድሜ። የራስህ ክር ክፈት፣ እንመጣለን።

ሲስተር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:20

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ይህ በሽታ ነው ስንል ለማባበል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አለ። አሜሪካኖቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችም በ2013 እ.ኤ.አ. ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጎን አስቀምጠውታል። ሲያቆም መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጭ ብሎ አለመርጋት ይኖራል። ጠባዩ ተለወጠ ብለሽ አትደንግጪ። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ይረዳል። አማኑኤል ሲባል ሰው "እብድ ተባልኩ" ይላል። ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፣ እዚያ ይሂድ፤ ዋናው መሄዱ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ አስቸኳይ ነው። ዕዳው በአንድ ጊዜ የተጋለጠበት ሰው ራሱን ሊጎዳ ይችላል። በተለይ እሑድ ቤተሰብ ፊት ከተዋረደ በኋላ። በቀጥታ ጠይቂው፤ "ራስህን ስለማጥፋት አስበሃል ወይ" በይው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሽማግሌዎቹንም አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ስድብ እንዳይሆን።

በረኛው | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40

ሲስተር ይህንን ካነበብኩ በኋላ አንድ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። አልቀልድም አሁን። ሰኞ የጻፍኩትን አንሡልኝ።

አወያይ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:52

በረኛው፣ ካነሣነው የሰዎቹ መልስ ትርጉም ያጣል። ይቆይ። "ዕድለኛ ቁጥር እሰጣለሁ" ብሎ የቴሌግራም ማስፈንጠሪያ የለጠፈው አባል ግን ታግዷል። በዚህ ክር ላይ!

ታክሲ ነጂ ሜሪላንድ | ረቡዕ፣ ቀን 10:10

እኛም ጋ ያው ነው፣ መብራቱ ብቻ ይበዛል። ማታ ማታ ሰው አድርሼ ስመለስ በአቅራቢያችን ወዳለ ካዚኖ እታጠፍ ነበር። "ትራፊክ ነው" እላለሁ ለባለቤቴ። በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ምን ትራፊክ አለ?

ሁለት ነገር ነው ያወጣኝ። አንደኛው ራሴን ማስከልከሌ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በገዛ ፈቃድህ ፈርመህ ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት። ከፈረምክ በኋላ ብትገባ ያለፈቃድ እንደገባ ሰው ትከሰሳለህ። ፈርሜ መኪናዬ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው ቁማር ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ስብሰባ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ የተጀመረ ነው፤ ስምህን ሙሉ አትናገርም፣ ክፍያ የለም። ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ ቀጭን ቡና፣ የፕላስቲክ ወንበር። ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። እዚያ አንድ ነገር አላቸው፤ የቆዩት አባላት አንተንና ሚስትህን አስቀምጠው ዕዳህን ሁሉ በወረቀት ያስወጡሃል። ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ። ከዚያ ለእያንዳንዱ በወር የምትችላትን ትንሽ ትመድባለህ። ለአንዱ አበዳሪዬ በወር 25 ዶላር ነበር የደረሰው። ሳቀብኝ። ግን ተቀበለ። ማንም በአንዴ አይከፍልልህም፤ እንዲከፈልልህ አትጠይቅም። ዕዳው ረዥም ሆኖ በየወሩ ሲነክስህ ነው የሚያስታውስህ። ብሩን የምትይዘው ሚስትህ ናት። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የቤንዚን ደረሰኝ አስረክቤያለሁ። ያሳፍራል። ሰው ይለምዳል ግን።

ሽማግሌ ለማስታረቅ ጥሩ ነው። ሽማግሌ ግን የባንክ ወረቀት አምጣ አይልም። ጥሩ ቀን ይመርቃል፣ ይቅር ተባባሉ ይላል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

የአዋሳዋ | ረቡዕ፣ ቀን 10:31

ሽማግሌዎቻችንን አትንካ እንጂ። የኔን ትዳር ያቆሙት እነሱ ናቸው።

ታክሲ ነጂ ሜሪላንድ | ረቡዕ፣ ቀን 11:02

የኔንም። ወረቀቱን ይጨምሩበት ነው ያልኩት።

አምና የተረፈ | ረቡዕ፣ ማታ 2:15

ታክሲ ነጂው ያለው እኛም ቤት በራሳችን መንገድ ሆኗል፣ ስብሰባ ሳይኖር። ደመወዜ በሚስቴ ሒሳብ ይገባል። ስማርት ስልኬ ተሽጦ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዝኩት፤ በስልክ የሚሰጠው ብድር ነበር የመጨረሻ ገደል የከተተኝ። ይህን የምጽፈው በሷ ስልክ ነው፣ አጠገቤ ተቀምጣ። የፊደል ግድፈቴን ታርማለች።

አንድ ነገር ጨምርበት ትላለች፦ "ያመንኩት ሲምል አይደለም። ሳልጠይቀው የነገረኝ ቀን ነው።"

እንቅልፍ የለሽ | እሑድ፣ ማታ 1:30

እህታችን ምን ሆንሽ? ዛሬ እሑድ ነው።

ቡና አፍይ | እሑድ፣ ማታ 3:12

ኧረ ጻፊ።

ግራ የገባት | ሰኞ፣ ሌሊት 7:50

ይቅርታ፣ አሁን ነው ሁሉም የተኛው።

ወርቄን አልሰጠሁም። አማቴን ቅዳሜ ብቻቸውን አነጋገርኳቸው። አምና የተረፈ የጻፈውን፣ አባቱ "የከፈልኩት ለነሱ ነው" ያሉትን አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ "አባቱ ለጫማ የሰጡትን ብር እንኳ ጠፋብኝ ይል ነበር" አሉኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልነገሩኝን። በሬዎቹ አይሸጡም። ታላቅ ወንድሙ ተቆጣ፤ "ወንድሜን ልታዋርጂ ነው" አለኝ፣ ምሳ ሳይበላ ወጣ። ከሱ ጋር መቼ እንደምንታረቅ እንጃ።

ወንድሜን ጠርቼው ነበር፣ መጣ። ጠበቃው ያለውን ነገርኩት። አልሳቀም፣ ግን ቡና ጠጣ። የዕቁቡ ነገር እንዲህ ነው፦ ያልተከፈለው አራት፣ የቀረው 22፣ በጠቅላላው 65,000። ዳኛው አራቱን በወር በወር እንድንጨምር ፈቀዱ። እሱ ራሱ ነው ሄዶ የለመናቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሲስተር፣ ያልሽውን ጠየቅሁት። ወዲያው አልመለሰልኝም። "ድልድዩ ላይ አንድ ቀን ቆሜ ነበር" አለኝ። ማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን፣ አብረን ነው የምንሄደው። እስከዚያ ወንድሜ እኛ ጋ ያድራል።

ከዚያ የልጄን የሒሳብ ደብተር አወጣሁና ከኋላ ገጽ ላይ ጻፍ አልኩት። መጀመሪያ አራት መስመር ጻፈ። እስክሪብቶውን አልተቀበልኩትም። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰባት ደረሰ። ድምሩ 243,000 ሆነ። አምና የተረፈ፣ እንዳልከው ነው።

መብራት አጥፍተን ተኛን። ስድስት ሰዓት ገደማ ቀሰቀሰኝ። "አንድ ቀርቷል" አለ። የማን ነው ስለው ማውራት አቃተው። አብሮት የሚሠራው ልጅ፣ ብየዳ የሚያስተምረው የ17 ዓመት ተለማማጅ፤ የሁለት ወር አበሉን፣ 1,800 ብር፣ "እኔ ጋ ይቀመጥልህ" ብሎ ወስዶበታል። ተነሥቼ መብራት አበራሁ። ደብተሩን አመጣሁለት፣ ስምንተኛው መስመር ላይ ጻፈው።

ጠዋት መርካቶ ሄዶ ስልኩን ይሸጣል። ከዚያ መጀመሪያ የሚከፈለው ልጁ ነው።